ሲዲኤሉን ካወጣችሁ በኋላ፦ የረጅም መንገድ ሹፌር የመጀመሪያ ዓመት

እንደምን አመሻችሁ። እዚህ ከተቀመጣችሁት አብዛኞቻችሁ ክላስ ኤ ሲዲኤል፣ ማለትም የአሜሪካን የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ፣ ይዛችኋል፣ ቀሪዎቻችሁም ትምህርቱን ልትጨርሱ ጥቂት ነው የቀራችሁ። ስለዚህ ፈተና እንዴት እንደሚታለፍ አላወራም። የማወራው ከፈተናው ማግሥት ጀምሮ ስላለው አንድ ዓመት ነው።

ዋናውን ነገር መጀመሪያ ልናገረው። አዲስ ሹፌር ሀይዌይ ላይ በ65 ማይል ሲሄድ ብዙም አይቸገርም። የሚጎዳው ግቢ ውስጥ፣ ትራክ ስቶፕ ውስጥ፣ መጫኛ በር ላይ፣ በእግር ፍጥነት ሲንቀሳቀስ ነው። ወይም ገና ሳይንቀሳቀስ ማየት የነበረበትን ሳያይ ሲቀር ነው። የሰው መኪና አፍንጫ ገጭቶ፣ ትሬለር በጉልበቱ ጥሎ፣ በክብደት ተቀጥቶ። እነዚህ ሰው አይገድሉም ይሆናል፤ መዝገባችሁን ግን ያበላሻሉ። ፒኤስፒ የሚባለው የፌዴራል ሪፖርት ያለፉትን አምስት ዓመታት አደጋና ያለፉትን ሦስት ዓመታት የፍተሻ ውጤት ለሚቀጥራችሁ ድርጅት ያሳያል። ጥሩ የሚከፍሉት ድርጅቶች አንድ ወይም ሁለት ዓመት ንጹሕ ልምድ ይጠይቃሉ፣ የሚያስጠይቃቸውም ኢንሹራንሳቸው ነው። በመጀመሪያው ዓመት የምትሠሩት ዋናው ነገር ያ መዝገብ ነው፣ ገንዘቡ ይከተለዋል።

በወረቀት ጉዳይ ብዙ አልቆይም፤ ሳልጠቅሰው የማላልፈው ግን አለ። ሹፌር እንግሊዝኛ መናገርና ማንበብ አለበት የሚለው ሕግ የቆየ ነው። ከጁን 25 ቀን 2025 ወዲህ ግን ፖሊስ መንገድ ላይ አነጋግሮ ካልተግባባችሁ እዚያው ከሥራ ውጪ ያደርጋችኋል። አስተርጓሚ፣ የስልክ አፕ፣ የተጻፈ ካርድ አይፈቀድም። የሚጠየቀው ከባድ አይደለም፦ ከየት ተነሣህ፣ ወዴት ትሄዳለህ፣ ምን ጭነሃል፣ ስንት ሰዓት ነዳህ፣ ሎግህን (የሥራ ሰዓት መዝገብህን) አሳየኝ፣ መኪናህ ምን ችግር አለበት። ቀጥሎ የመንገድ ምልክቶች ይጠየቃሉ፣ በመብራት የሚጻፉት ተለዋዋጭ ሰሌዳዎች ጭምር። እነዚህን ጥያቄዎች ከሰው ጋር ጮክ ብላችሁ በየቀኑ ተለማመዱ፤ በልብ ማወቅና ከድንጋጤ ጋር አፍ ላይ ማምጣት ይለያያሉ። በሥራ ፈቃድ ብቻ ሲዲኤል ለማውጣት የሚያስብ ዘመድ ወይም ጓደኛ ካላችሁ ደግሞ፣ ለትምህርት ቤት ከመክፈሉ በፊት ዲኤምቪ (መንጃ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት) ሄዶ እንዲጠይቅ ንገሩልኝ፤ የዚህ ሕግ ከሴፕቴምበር 2025 ጀምሮ ጥብቅ ሆኗል፣ ሲለዋወጥም ቆይቷል።

የጤና ካርዱ ቢበዛ ለሁለት ዓመት ይሰጣል። ደም ግፊታችሁ ከ140 በ90 በታች ካልሆነ ጊዜው ያጥራል፣ ስለዚህ ከምርመራው ሳምንት በፊት ጨውና እንቅልፍ ላይ ጥንቃቄ አድርጉ። ማሪዋና በክፍለ ግዛታችሁ ቢፈቀድም ለእናንተ ክልክል ነው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖንም በፌዴራል ሕግ አንደኛ መደብ ከሚባሉት የተከለከሉ ዕፆች ይቆጠራል። ሥራ ላይ ሆኖ መቃምም፣ ካቢን ውስጥ ይዞ መገኘትም ሕግ መጣስ ነው። «ለእንቅልፍ ነው»፣ «አገር ቤት ሁሉም ይቅመዋል» የሚለው መልስ መንገድ ዳር ማንንም አያድንም። እንቅልፍ የመጣበት ሰው መድኃኒቱ መተኛት ነው።

አሁን ወደ መኪናው እንምጣ፣ የምቆየውም እዚህ ነው።

የጠዋት ፍተሻን ብዙ ሰው ለፈተና ሸምድዶ ከፈተናው በኋላ ይረሳዋል። ከሁሉ በላይ የአየር ፍሬን ፍተሻውን አታስቀሩ። ሜዳ ላይ ቁሙ፣ ጎማውን በታኮ ያዙ፣ አየሩ ይሙላ። የአየር አሞላሉን የሚቆጣጠረው ገቨርነር ተንፍሶ ሲቆርጥ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ120 እስከ 140 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት ልክ) ባለው መካከል ነው፣ ሞተሩን አጥፉና የሞተሩን ቁልፍ ወደ ኦን መልሱት። ዳሽቦርዱ ላይ ያሉትን የፍሬን ቁልፎች፣ የትራኩን ቢጫና የትሬለሩን ቀይ፣ ወደ ውስጥ ግፉ። ፍሬን ሳትረግጡ አንድ ደቂቃ ጌጁን እዩ፤ ትሬለር የያዘ መኪና ከ3 ፒኤስአይ በላይ መጣል የለበትም። ከዚያ የእግር ፍሬኑን አጥብቃችሁ ረግጣችሁ ያዙ። ስትረግጡ ወዲያው የሚወርደው አይቆጠርም፤ ከዚያ በኋላ ባለው አንድ ደቂቃ ከ4 በላይ ከወረደ አየር የሚያፈስ ቦታ አለ። ቀጥላችሁ ደጋግማችሁ እየረገጣችሁ አየሩን አውርዱ። ጌጁ 55 ከመድረሱ በፊት ማስጠንቀቂያው መጮህ አለበት። አሁንም ቀጥሉ፤ ከ45 እስከ 20 ባለው ውስጥ ሁለቱም ቁልፎች በራሳቸው ዘለው መውጣት አለባቸው።

ለምን እንደሚዘሉ ማወቅ ይጠቅማል። ስትነዱ በእግር የምትረግጡት ፍሬን በአየር ግፊት ይይዛል። የማቆሚያው ፍሬን ግን የሚይዘው በጠንካራ ስፕሪንግ ነው፣ አየሩ ስፕሪንጉን ጨምቆ ይዞ ነው መኪናው የሚለቀቀው። አየር ሲጠፋ ስፕሪንጉ ይፈታና መኪናው ባለበት ይታሠራል። ማስጠንቀቂያው ሲጮህ «እስከሚቀጥለው መውጫ ልድረስ» ያለ ሰው መሐል መንገድ ላይ ጎማው ተቆልፎ ሊቆም ይችላል።

አየር የሚያፈሰው ብዙ ጊዜ ከግላድ ሃንዱ ጎሚኒ ነው። ቀዩና ሰማያዊው መስመር ትሬለሩ ላይ የሚገጠሙበት ቦታ ያለው ክብ ጎሚኒ በብርድ ይደርቅና ይሰነጠቃል። ዋጋው ጥቂት ዶላር ነው፣ በካቻቪቴ ፈልቅቆ አውጥቶ አዲሱን ለማስገባት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። አራት አምስት ፍሬ ሣጥናችሁ ውስጥ ይኑር። ሌላው የአየር ቱቦው ከትራኩ ጀርባ ካለው መርገጫ ጋር እየተፋተገ መበላቱ ነው፣ በእጃችሁ ዳብሱት። በክረምት ደግሞ የአየር ታንኮቹን አፍስሱ። ውሃ በብዛት ከወጣ የአየር ማድረቂያው ሥራ አቁሟል ማለት ነው፣ ያ ውሃ ቫልቭ ውስጥ ሲበርድ ፍሬኑ አልለቅ ወይም አልይዝ ይላል።

ስላክ አጀስተሩን፣ የፍሬኑን ልቅነት የሚያስተካክለውን ክንድ፣ ፍሬኑ ተለቆ ሳለ በእጅ ስትስቡት ከአንድ ኢንች ገደማ በላይ መንቀሳቀስ የለበትም። አውቶማቲክ ሆኖ ሳለ ከልኩ ካለፈ በቁልፍ አጥብቃችሁ አትሂዱ። ራሱን እንዲያስተካክል የተሠራ ነገር ካላስተካከለ ሌላ የተበላሸ ነገር አለ፣ ማጥበቁ ችግሩን ለአንድ ቀን ይደብቀዋል እንጂ አይጠግነውም። መካኒክ ይየው። ጎማ ላይ ሕጉ ለፊተኞቹ ከኢንች 4/32፣ ለቀሩት 2/32 ጥርስ ይጠይቃል። በዱላ መምታት ጨርሶ የተነፈሰውን እንጂ ከ100 ወደ 70 የወረደውን አይነግራችሁም፤ ጌጅ ግዙና ጎማው ሳይሞቅ ለኩ። ከጥንዶቹ ውስጠኛው ሲጎድል ውጪኛው ሸክሙን ብቻውን ይወስዳል፣ ይግላል፣ ይፈነዳል።

ትሬለር መቀጠል። እዚህ ላይ መቸኮል የሚያስከፍለውን ያህል የትም አያስከፍልም። ወደ ኋላ እየቀረባችሁ መግጠሚያው ሳይደርስ ቁሙና ውረዱ። የትሬለሩ አፍ ከፊፍዝ ዊሉ፣ ትራኩ ላይ ትሬለሩ ከሚቀመጥበት ሰሌዳ፣ ትንሽ ዝቅ ማለት አለበት፣ ትራኩ ገብቶ በመጠኑ እንዲያነሣው። ትሬለሩ ከፍ ካለ ኪንግ ፒኑ (ከትሬለሩ ሥር ያለው የመያዣ ብረት) በፊፍዝ ዊሉ መንጋጋ አናት ላይ ያልፍና የተቀጠለ ይመስላል፤ መጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ወርዶ ይወድቃል፣ ወይም ወደ ካቢኑ ይመጣል። ቁመቱን በትሬለሩ እግር ማዞሪያ አስተካክሉ። የአየር መስመሮቹን አያይዙ፣ የትሬለሩን ፍሬን ቆልፉ፣ ቀስ ብላችሁ ግቡ። ሲቆለፍ ድምፁ ይሰማል፣ ድምፁን ግን አትመኑት። በዝቅተኛው ማርሽ ሁለት ጊዜ ወደ ፊት ሳብ አድርጉ። ከዚያ ውረዱና ባትሪ ይዛችሁ ከትሬለሩ ሥር ግቡ፦ በትሬለሩና በሰሌዳው መካከል ብርሃን ካያችሁ አልገጠመም። መንጋጋው የኪንግ ፒኑን አንገት ከኋላ ዙሮ መዝጋቱን በዓይናችሁ እዩ። የትሬለሩን እግር የምታነሡት ከዚህ በኋላ ነው። ስትፈቱም እግሩን አውርዳችሁ መሬት ካስነካችሁ በኋላ ነው የምትፈቱት። ትሬለሩን በጉልበቱ የሚጥለው ይህን ቅደም ተከተል በስልክ እያወራ የሚሠራ ሰው ነው።

ከጫናችሁ በኋላ ክብደት ይመጣል። ጠቅላላው 80,000 ፓውንድ ነው፣ ወደ 36 ቶን ማለት ነው። የትራኩ ኋለኛ ጥንድ አክስል 34,000፣ የትሬለሩም 34,000፣ የፊቱ እንደ አክስሉና እንደ ጎማው ወደ 12,000 ነው። ወረቀቱ ላይ 43,000 ወይም 44,000 ፓውንድ ጭነት ካያችሁ ሳትመዝኑ ከከተማው አትውጡ። ምሳሌ ልስጣችሁ። ሚዛኑ ፊት 11,800፣ ትራክ 35,200፣ ትሬለር 32,100 አለ እንበል። ድምሩ 79,100፣ ሕጋዊ ነው፤ የትራኩ አክስል ግን በ1,200 በልጧል፣ ይህ ብቻውን ያስቀጣል። የትሬለሩን ጎማዎች ወደ ፊት ስትገፉ ክብደት ከትራኩ ወደ ትሬለሩ ይሄዳል። ጎማዎቹ የሚቆለፉባቸው ቀዳዳዎች በየስድስት ኢንቹ ከሆኑ አንዱ ቀዳዳ 400 ፓውንድ ገደማ ያንቀሳቅሳል። በሦስት ቀዳዳ ልክ 34,000 ላይ ትደርሳላችሁ፣ አራት አድርጉት፦ ትራኩ 33,600፣ ትሬለሩ 33,700። አሠራሩም የትሬለሩን ፍሬን በቀዩ ቁልፍ መያዝ፣ የመቆለፊያ ፒኖቹን ማውጣት፣ ከዚያ ትራኩን በዝግታ ወደ ኋላ መግፋት ነው፤ ጎማዎቹ ቆመው ሣጥኑ በላያቸው ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ፒኖቹ ቀዳዳቸው ውስጥ ተመልሰው መግባታቸውን ወርዳችሁ ሳታዩ አትንቀሳቀሱ። መልሳችሁ መዝኑ፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ዳግም መመዘን ዋጋው አነስተኛ ነው። ካሊፎርኒያ የምትገቡ ከሆነ ደግሞ ከኪንግ ፒኑ እስከ መጨረሻው አክስል መሐል ከ40 ጫማ መብለጥ የለበትም። ጎማዎቹ ወደ ፊት በሄዱ ቁጥር የትሬለሩ ጅራት ስትታጠፉ ሰፋ አድርጎ እንደሚጠርግም አስቡ።

ስለ ሰዓት። ሕጉን ታውቁታላችሁ፦ ከ10 ሰዓት ዕረፍት በኋላ 11 ሰዓት መንዳት፣ ያም በ14 ሰዓት ውስጥ፤ ከ8 ሰዓት መንዳት በኋላ 30 ደቂቃ ማረፍ፤ በ8 ቀን 70 ሰዓት ሥራ፤ 34 ሰዓት ካረፋችሁ 70ው እንደ አዲስ ይጀምራል። አዲስ ሹፌርን የሚያሳስተው 14ቱ ነው። ጠዋት በፈረንጁ 6 ሰዓት ሥራ ከጀመራችሁ ማታ በ8 ሰዓት ያልቃል። መጫኛው ላይ አራት ሰዓት ካስቀመጧችሁ የሚነዳው 11 ሰዓት ወረቀት ላይ ነው፣ በእጃችሁ የቀረው 10 ነው፣ ከዚያም ነዳጅና ፍተሻ ይቀነሳል። የካቢኑ መኝታ ላይ ቢያንስ 7 ሰዓት፣ ሌላ ቢያንስ 2 ሰዓት፣ በድምሩ 10 አድርጎ ዕረፍቱን ለሁለት መክፈል ይቻላል፤ ሁለቱም ከ14ቱ አይቆጠሩም። ይህን በደንብ ሳትረዱ አትጠቀሙበት፣ ስሌቱ ሲሳሳት ጥሰቱ የሚታየው በኋላ ነው። ኢኤልዲው፣ ሰዓታችሁን የሚመዘግበው የኤሌክትሮኒክ መሣሪያ፣ የሚቆጥረው በድርጅታችሁ መነሻ ከተማ ሰዓት እንጂ ባላችሁበት ሰዓት አይደለም፤ የመጫኛ ቀጠሮ ግን በቦታው ሰዓት ነው። በዚህ ላይ በእኛ አቆጣጠር ስድስት ሰዓት ጨምሮ ማሰብ ሲቀላቀል ቀጠሮ ያልፋል። ከዲስፓች (ጭነት ከሚመድብላችሁ ሰው) ጋር በአማርኛ ብታወሩም ቀጠሮን ሁልጊዜ በፈረንጅ ሰዓት፣ ኤኤም ወይም ፒኤም ብላችሁ ጻፉት። ጉዞ ስታቅዱ በሰዓት 50 ማይል ብላችሁ አስሉ፤ 65 ብሎ ያሰበ ሰው ማታ ላይ ይሮጣል።

የሚሮጠውም ወደ ሞላ ፓርኪንግ ነው። ትልልቅ ከተሞች አጠገብ ትራክ ስቶፖች ፀሐይ ሳትጠልቅ ይሞላሉ። ጠዋት ስትነሡ ሦስት የማቆሚያ ቦታ ምረጡ፣ ሰዓታችሁ ካለቀ በኋላ አይደለም መፈለግ የሚጀመረው። ስትገቡ የምትችሉትን ያህል በሾፌሩ መስኮት በኩል እያያችሁ ወደ ኋላ ግቡ፤ በቀኝ በኩል ባለው በማይታየው አቅጣጫ መግባት ለአዲስ ሰው አይመከርም፣ ዞራችሁ ተመለሱ። መብራት አብሩ፣ ሬዲዮ አጥፉ፣ መስኮት ክፈቱ። ከተጠራጠራችሁ ቁሙና ውረዱ፣ ጎረቤቱን፣ ከላይ ያለውን ቅርንጫፍ፣ መሬቱን እዩ። ሦስትም አምስትም ጊዜ ውረዱ። ከኋላ የሚጠብቀው ሰው ጥሩንባ ቢነፋ የእሱ ስም እናንተ መዝገብ ላይ አይጻፍም። ስትወጡ ደግሞ ትሬለራችሁ የጎረቤቱን አፍንጫ ሳያልፍ መሪ አትጠምዝዙ። ባለ 53 ጫማ ትሬለር ኋላው የፊቱን መንገድ አይከተልም፣ ወደ ውስጥ ይቆርጣል፤ ተኝቶ ያደረ ሰው መኪና የሚገጨው ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው።

አባይ በረሃን ወይም ጣርማ በርን በከባድ መኪና የወረዳችሁ ካላችሁ የቁልቁለቱን ነገር ግማሹን ታውቁታላችሁ። እዚህ የሚያሳስተው መንገዱ ሰፊና ለስላሳ መሆኑ ነው። ኦሪገን ውስጥ ከፔንድልተን በላይ ያለው ካቤጅ ሂል 6 በመቶ ይወርዳል፣ ጠመዝማዛም አለው፤ ኮሎራዶ ውስጥ ከአይዘንሃወር ዋሻ ወደ ሲልቨርቶርን 7 በመቶ ገደማ ነው። ማርሽ የሚቀነሰው ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ነው፤ አውቶማቲክም ቢሆን በእጅ ዝቅ አድርጋችሁ ያዙት። ጄክ ብሬኩን (የሞተር ፍሬኑን) አብሩ፣ መንገዱ ካንሸራተተ ግን አጥፉት፣ የኋላ ጎማ ይቆልፍና ትሬለሩ ጎን ለጎን ይመጣል። ለራሳችሁ የመረጣችሁት ፍጥነት 35 ከሆነ፣ 35 ሲደርስ ጠንከር አድርጋችሁ ረግጣችሁ 30 አድርሱት፣ ከዚያ ፈጽሞ ልቀቁ። በትንሹ እየረገጡ መውረድ ታምቡሩን ያግላል፣ ታምቡሩ ሲግል ይሰፋል፣ ሸራው አይደርስበትም፤ ጭስ ሲሸታችሁ ፍሬናችሁ እየለቀቃችሁ ነው። ያኔ ፍሬን ለከዳው መኪና በመንገዱ ዳር የተሠራውን የማምለጫ መንገድ ሳታመነቱ ግቡበት። በነገራችን ላይ ኮሎራዶ በአይ 70፣ ከዶትሴሮ እስከ ሞሪሰን፣ ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 ሰንሰለት መያዝ ግዴታ ነው። ሰንሰለቱን በደረቅ ቀን፣ በብርሃን፣ ግቢ ውስጥ ተለማመዱት።

የስልክ ካርታ ለቤት መኪና የተሠራ ነው፣ የትራክ ጂፒኤስ ግዙ። የትሬለራችሁ ከፍታ 13 ጫማ ከ6 ኢንች ነው፣ ኒው ዮርክ አካባቢ ፓርክዌይ የሚባሉት መንገዶች ደግሞ ለትራክ ዝግ ናቸው፣ ድልድዮቻቸውም ዝቅተኛ ናቸው። መታጠፊያ ካመለጣችሁ ቀጥ ብላችሁ ሂዱ፤ አሥር ማይል ማባከን የማይታወቅ ሰፈር ውስጥ ገብቶ ከመቀርቀር ይረክሳል።

ስለ ገንዘብ አንድ ነገር አጥብቄ እናገራለሁ። በመጀመሪያው ዓመት የድርጅት ሹፌር ሁኑ፣ በደብልዩ 2፣ ማለትም ግብር ከደመወዙ እየተቆረጠለት እንደሚሠራ ተቀጣሪ። ብዙ ወገኖቻችን በ1099፣ እንደ ራሱን የቻለ ኮንትራክተር ሆነው፣ በመቶኛ ይሠራሉ፣ ቼኩ ትልቅ ይመስላል፤ ከላዩ ግን 15.3 በመቶ የራስ ሥራ ታክስ፣ ከዚያም የገቢ ግብር አለ፤ እጅ ሲሰበር ካሣ የለም። ሊዝ ፐርቼዝ የሚባለውን፣ ከድርጅቱ መኪና ተከራይቶ እየከፈሉ የራስ ማድረግን፣ ደግሞ ሽሹት። መኪናው ለወራት ቆሞ ቢጠገን እንኳን የሳምንቱ ክፍያ አይቆምም፣ ሥራውን የሚሰጣችሁም የሚያከራያችሁም አንድ ሰው ነው፣ ማይል ሲቀንስባችሁ የምትሄዱበት የለም። ለዚሁ ጉዳይ ተብሎ የተቋቋመ የፌዴራል ኮሚቴ በጃንዋሪ 2025 ባወጣው ሪፖርት ኮንግረስ እንዲያግደው ምክር ሰጥቷል። ደመወዝ በማይል ስትስማሙ ደግሞ ለምትጠብቁበት ሰዓት፣ ለባዶ ማይልና ለብልሽት ቀን ምን እንደሚከፈል በጽሑፍ ይሁን። መጫኛ ላይ የገባችሁበትንና የወጣችሁበትን ሰዓት ቢኦኤሉ (የጭነቱ ወረቀት) ላይ አስጽፉ፤ ያለዚያ የመጠበቂያ ገንዘቡን ማስረዳት አይቻልም።

በመጨረሻ፣ አደጋ ቢደርስ። አራቱን መብራት አብሩ። በ10 ደቂቃ ውስጥ ሦስቱን ሦስት ማዕዘኖች አስቀምጡ፦ አንድ አቅጣጫ ብቻ በሚነዳበት ሀይዌይ ከመኪናው ኋላ በ10፣ በ100 እና በ200 ጫማ፤ ሁለት አቅጣጫ ባለው መንገድ አንዱ 10 ጫማ፣ አንዱ 100 ጫማ ከኋላ፣ አንዱ 100 ጫማ ከፊት። ስትራመዱ ሦስት ማዕዘኑን በመጪው መኪና አቅጣጫ ፊታችሁ ላይ ይዛችሁ ሂዱ። 911 ደውሉ፣ ቀጥሎ ለድርጅቱ። አራቱንም ማዕዘን፣ ታርጋዎቹን፣ የጎማ ዱካውን፣ ምልክቶቹን ፎቶ አንሡ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ መንገድ ላይ ከማንም ጋር አትከራከሩ፤ ለፖሊስ የሆነውን ብቻ ተናገሩ። ሰው ከሞተ፣ ወይም ፖሊስ የትራፊክ ጥፋት ጽፎባችሁ ሰው ለሕክምና ከተወሰደ ወይም መኪና ተጎትቶ ከተነሣ የአልኮልና የዕፅ ምርመራ ግዴታ ነው፦ አልኮሉ በ8 ሰዓት፣ ዕፁ በ32 ሰዓት ውስጥ። ምርመራው እስኪደረግ ድረስ፣ ወይም 8 ሰዓቱ እስኪያልፍ፣ ለድንጋጤ ተብሎ የሚቀርብ አንድ ብርጭቆ ቢራም አትጠጡ፤ ቦታውንም ድርጅቱን ሳታሳውቁ አትልቀቁ።